ባሩድና ፕራይመር በቤት አድራሻ፦ የ«ሃዝማት» ክፍያው ምን ይገዛል?

በአሜሪካ ጥይትን በቤት ውስጥ መልሶ መሙላት የጀመረ ሰው ባሩድ ከበይነ መረብ ሱቅ ሲያዝዝ በመጀመሪያ የሚያበሳጨው ነገር፣ ከዕቃው ዋጋና ከተለመደው የማጓጓዣ ሒሳብ በተጨማሪ በደረሰኙ ግርጌ የሚታየው «የሃዝማት ክፍያ»፣ ማለትም ለአደገኛ ዕቃ የሚከፈለው ገንዘብ ነው። በዒላማ ተኩስ ሜዳዎች ላይ ከሚሰሙ ምሬቶች መካከል ይህን ያህል የሚደጋገም የለም ማለት ይቻላል። እኔ ግን ባሩድና ፕራይመር እስከ ቤት የማስላክ አገልግሎቱን ለረዥም ጊዜ ከተለያዩ ሱቆች ስጠቀምበት ከቆየሁ በኋላ የደረስኩበት አስተያየት ከብዙዎቹ ይለያል፤ ክፍያው በአብዛኛው ተገቢ ነው፣ ቅሬታ ሊቀርብበት የሚገባው ገንዘቡን ተቀብሎ ሥራውን በአግባቡ የማይሠራው ሱቅ ነው።

ጉዳዩን በቅጡ ለመመዘን አንድ ጥይት ከአራት ነገሮች የተሠራ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ እነዚህም ቀለህ፣ አረር፣ ባሩድና የመሣሪያው መርፌ ሲመታው ብልጭ ብሎ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ፕራይመር ናቸው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ አራቱም ለየብቻቸው «ጥይት» በሚለው ትርጉም ውስጥ ይካተታሉ፤ በማጓጓዣ ደንብ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ፕራይመር ያልገባበት ባዶ ቀለህና አረር የማይቀጣጠሉ ብረቶች ስለሆኑ በአሜሪካ ፖስታ እንደማንኛውም ዕቃ ሊላኩ ይችላሉ። እንዲያውም ክብደቱ እስከ 70 ፓውንድ ድረስ ምንም ቢሆን በአንድ ዋጋ የሚሄደው የፖስታ ሳጥን ለእርሳስ አረር የተሠራ እስኪመስል ድረስ ይጠቅማል። ችግሩ ካርቶኑ ያን ያህል ክብደት የመሸከም አቅም የሌለው መሆኑ ነው። ከአንድ አነስተኛ አረር አቅራቢ የመጣልኝ ሳጥን ጥጉ ተቀድዶ፣ ፖስታ ቤቱ በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልሎት፣ ከውስጡ የተወሰነው አረር በመንገድ ቀርቶ ነበር። ጥሩ ሻጮች አረሩን በጠንካራ ከረጢት አሽገው፣ የሳጥኑን ጠርዞች ሁሉ በማሸጊያ ቴፕ ዙሪያውን አጥብቀው፣ ውስጡ እንዳይላወስ ክፍተቱን ሞልተው ነው የሚልኩት።

ባሩድና ፕራይመር ግን ፈጽሞ በፖስታ አይላኩም። የአሜሪካ ፖስታ ጥይትን፣ ባሩድንና ፕራይመርን ከማይቀበላቸው ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል፤ ፕራይመር የገባበት ቀለህም ባሩድ ባይኖረውም እንደ ባዶ ቀለህ አይቆጠርም። ስለዚህ ሁለቱ የሚጓዙት እንደ ዩፒኤስና ፌዴክስ ባሉ የግል አድራሾች ብቻ ነው፤ እነርሱም ቢሆኑ የሚቀበሉት ከእነርሱ ጋር ለአደገኛ ዕቃ ልዩ ስምምነት ከፈረመ ላኪ ነው። የላኪው ሠራተኞች የአደገኛ ዕቃ ሥልጠና ወስደው ሥልጠናውን ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ ማደስ አለባቸው። ዕቃው ራሱ በትራንስፖርት ሚኒስቴር ሥር ባለው የቧንቧ መስመርና የአደገኛ ዕቃዎች ደኅንነት አስተዳደር ዘንድ ተመርምሮ ምድብ የተሰጠው መሆን ይኖርበታል። የሚከፈለው ገንዘብ የሚሄደው ለዚህ ሥልጠና፣ ለዚህ ሳጥን፣ ለዚህ ወረቀትና አድራሹ ለሚጠይቀው ተጨማሪ ሒሳብ ነው።

ሳጥኑ ሲደርስ መመልከት የዚህን ሥራ ጥራት ለመገመት ከሁሉ የተሻለ መንገድ ነው። ከምመርጠው ሱቅ የሚመጣው ካርቶን ወፍራም ነው፤ በጎኑ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ምልክትና ለተፈተነ ካርቶን የሚሰጠው «4ጂ» የሚለው ኮድ ታትሞበታል። ፕራይመር ከሆነ «ዩኤን0044» የሚል የዕቃው መለያ ቁጥርና አነስተኛ አደጋ ያለው ፈንጂ መሆኑን የሚያሳይ 1.4ኤስ የሚል ብርቱካናማ አልማዝ ቅርጽ መለያ ይለጠፍበታል። ፕራይመሮቹ መቶ መቶ ሆነው እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጉድጓድ በተቀመጡበት ትሪ ይደረደራሉ፣ አሥር ትሪ አንድ ሺህ ይሆናል፤ ይህ አደራደር ለውበት የተደረገ አይደለም፣ አንዱ በአጋጣሚ ቢፈነዳ እሳቱ ወደ ጎረቤቱ እንዳይዛመት ነው። ባሩድ ደግሞ በአምራቹ ጠርሙስ፣ ማኅተሙ ሳይነካ ይመጣል። የአነስተኛ መሣሪያ ባሩድ በቀላል ፕላስቲክ መያዣ የሚሸጠው አምራቹ ወጪ ስለቆጠበ እንዳይመስላችሁ፤ ባሩዱ በእሳት ቢያዝ መያዣው ቶሎ ተከፍቶ ግፊቱን እንዲለቅና እንደ ቦንብ እንዳይታፈን ነው። ባሩዱ ከፈንጂ ምድብ ወጥቶ እንደ ተቀጣጣይ ጠጣር ዕቃ በሚጓዝበት ደንብ መሠረት ደግሞ አንዱ የውስጥ መያዣ ከ8 ፓውንድ፣ በአንድ ተሽከርካሪ ላይ የሚጫነውም ጠቅላላ ባሩድ ከ100 ፓውንድ መብለጥ የለበትም። በዚህ ምክንያት ባሩድን ከአምራቹ ጠርሙስ አውጥቶ በሌላ ዕቃ የሚልክ ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አትግዙ፤ ዓይነቱን ለማረጋገጥም ሆነ ሕጉን ለማክበር ምንም መንገድ የላችሁም።

ስለ ክፍያው ስሌት አንድ ነገር ልበል። ሱቁ ለአንድ ጭነት 30 ዶላር የሃዝማት ክፍያ ቢጠይቅና ገዢው አንድ ፓውንድ ባሩድ ብቻ ቢያዝዝ፣ ያ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ በአንዷ ጠርሙስ ላይ ይወድቃል፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ቢያማርር አይፈረድበትም። የ8 ፓውንድ ጠርሙስ ቢያዝዝ ግን ለፓውንድ 3 ዶላር ከ75 ሳንቲም ይደርሳል። በአንድ ካርቶን 5,000 ፕራይመር ለሚወስድ ሰው ደግሞ ለእያንዳንዱ ፕራይመር ከአንድ ሳንቲም በታች ነው። ብዙ ሱቆች ባሩድንና ፕራይመርን እስከ ተወሰነ ክብደት ድረስ በአንድ ክፍያ አጣምረው ስለሚልኩ፣ ሁለት ሦስት ጓደኛሞች ተነጋግረው በአንድ ሰው ስም ቢያዝዙ ሁሉም ይጠቀማሉ። የእኔ ዋና ቅሬታም ከዚሁ የመነጨ ነው፤ አንድ ታዋቂ ሱቅ ያዘዝኩትን ባሩድ «አለ» ብሎ ገንዘቤን ከተቀበለ በኋላ፣ ከፊሉ ስላለቀበት ትእዛዙን ለሁለት ከፍሎ ላከልኝና ለሁለተኛው ሳጥንም እንደገና የሃዝማት ክፍያ አስከፈለኝ። ስደውልላቸው ያገኘሁት መልስ «ሁለት ሳጥን ሁለት ክፍያ ነው» የሚል ብቻ ነበር። ሳጥኑ ሁለት የሆነው በእነርሱ ጥፋት መሆኑን ሊሰሙኝ ፈቃደኛ አልነበሩም። ከዚያ ወዲህ «ያልተሟላ ትእዛዝ አትላኩ» የሚል ምርጫ ከሌለው ሱቅ አልገዛም።

ይህን ንግድ በፖስታ ትእዛዝ ማካሄድ ሁልጊዜ የተፈቀደ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ጥይትንና ክፍሎቹን ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት በቀጥታ ለገዢ መላክን ገድቦ ነበር፤ በሩን መልሶ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1986 የተደረገው ማሻሻያ ነው። ዛሬም ቢሆን የክፍለ ግዛት ሕግ የራሱ ድርሻ አለው። ለምሳሌ በማሳቹሴትስ ባሩድም ሆነ ፕራይመር ለመያዝ የመሣሪያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ወደ አላስካና ሃዋይ ደግሞ ዕቃው በየብስ ብቻ የሚጓዝ ስለሆነ አብዛኞቹ ሱቆች አይልኩም። ፈቃድ ያለው ነጋዴ ለረዥም ጠመንጃ የሚሆን ጥይት ከ18 ዓመት በታች፣ ለሽጉጥ የሚሆነውን ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥ የለበትም፤ በዚህ ምክንያት ብዙ ሱቆች ጣጣውን ለማስቀረት ለሁሉም 21 ዓመትን ይጠይቃሉ። አብዛኞቹም አዋቂ ሰው ፈርሞ እንዲቀበል ያዛሉ። በሥራ ቀን ቤቱ ውስጥ ሰው የሌለው ገዢ ዕቃውን ከአድራሹ ማዕከል ሄዶ ለመውሰድ መዘጋጀት አለበት፤ የፖስታ ሣጥን ቁጥር እንደ አድራሻ አይሠራም።

ብዙ ገዢዎች የማይገነዘቡት ሌላው ነገር ደግሞ መመለስ የማይቻል መሆኑ ነው። ሱቆቹ የተሸጠ ባሩድና ፕራይመር መልሰን አንቀበልም ሲሉ ክፋት አይደለም፤ ገዢው የሠለጠነና የተመዘገበ ላኪ ስላልሆነ ሳጥኑን አሽጎ ለአድራሹ ማስረከብ አይችልም። የተሳሳተ ዓይነት ባሩድ ከተላከላችሁ በስልክ ተነጋግራችሁ ገንዘብ ማስመለስ ወይም ሱቁ ራሱ ሰው ልኮ እንዲወስድ ማድረግ ብቻ ነው የሚቻለው። ጥሩ ሱቅ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ጠርሙሱ በመንገድ ተሰንጥቆ ባሩድ ከፈሰሰ ደግሞ በቫኩም መጥረጊያ መሳብ የለባችሁም፤ የሞተሩ ብልጭታ ሊያቀጣጥለው ስለሚችል በለስላሳ ብሩሽና በቆሻሻ መሰብሰቢያ ቀስ ብሎ ማንሳት ነው።

ከአገር ቤት ጋር በተያያዘ አንድ ማሳሰቢያ ከዚህ ግምገማ ሊቀር አይገባም። «ጋሼ፣ ትንሽ ፕራይመር በሻንጣ ይዘህልኝ ና» የሚል ጥያቄ ከዘመድ የመጣላችሁ ካላችሁ፣ መልሱ አንድ ብቻ ነው። የአሜሪካ የአየር መንገደኞች ደኅንነት መሥሪያ ቤት ባሩድንና ፕራይመርን በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫን ሻንጣ ከልክሏል፤ የጥይት ክፍሎች ከአሜሪካ ሲወጡ በወጪ ንግድ ቁጥጥር ሥር ይወድቃሉ፤ ኢትዮጵያም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አላት። ልብስና ጫማ በሚልክ ካርጎ ውስጥ መደበቅም የራስን ብቻ ሳይሆን የአውሮፕላኑን ተሳፋሪ ሁሉ ለአደጋ መዳረግ ነው። ሌላ ክፍለ ግዛት ላለ ጓደኛ የተረፈን ፕራይመር በፖስታ «አስቤዛ ነው» ብሎ መላክም ከዚህ አይለይም።

በመጨረሻም አገልግሎቱ ለማን ይስማማል የሚለውን ልናገር። አንድ ወይም ሁለት ፓውንድ ባሩድ ለሚፈልግ ሰው በአካባቢው ያለ የአደን ዕቃ መደብር ይሻላል፤ መደርደሪያው ላይ ዋጋው ትንሽ ቢበልጥም የሃዝማት ክፍያ የለበትም፣ ማኅተሙንም በዓይኑ አይቶ ይገዛል። ብዙ የሚያዝዝ ሰው ደግሞ የሚያከማችበትን ቦታ ቀድሞ ይለካ፤ በብዙ ቦታዎች ሥራ ላይ የዋለው የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ደረጃ በመኖሪያ ቤት በመጀመሪያው መያዣው የሚቀመጥ ባሩድን እስከ 20 ፓውንድ፣ ፕራይመርን እስከ 10,000 ይፈቅዳል፤ ከ20 እስከ 50 ፓውንድ ባሩድ ለሚያስቀምጥ ግድግዳው አንድ ኢንች የሚሆን የእንጨት ሣጥን ይጠይቃል። በዚህ ልክ ውስጥ ሆኖ፣ ባሩዱንና ፕራይመሩን አጣምሮ፣ ትእዛዝ ከማይከፋፍል ሱቅ ለሚገዛ ሰው አገልግሎቱን ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፤ የጎደለችው አንዷ ነጥብ ክፍያውን በገጹ መግቢያ ላይ ሳይሆን በመጨረሻው የክፍያ ደረጃ ላይ ለሚያሳዩት ሱቆች የተቀነሰች ናት።