አንኮበር፣ ጓሳ ወይስ ደብረ ሊባኖስ? የወጣቶች የቡድን ጉዞ ንጽጽር

መስከረም ከጠባ ጀምሮ የሰሜን ሸዋ ጉዞ ማስታወቂያ በቴሌግራም ይጎርፋል። ፖስተሮቹ ሁሉ ይመሳሰላሉ። ጭላዳ፣ ጭጋግ፣ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ወጣት፣ ከሥሩ ዋጋ። ዋጋውን ብቻ አይቶ መምረጥ ግን አያዋጣም። ደብረ ሊባኖስ ደርሶ መመለስና ጓሳ አድሮ መመለስ ፈጽሞ የተለያዩ ጉዞዎች ናቸው። ቦርሳውም፣ ጫማውም፣ ለብርዱ የሚያዘውም ይለያያል።

እኔ መጀመሪያ የማየው አንድ ነገር ነው። ስንት ሰዓት ወንበር ላይ እንቀመጣለን? ስንት ሰዓትስ በእግራችን እንሄዳለን? ይህ ከታወቀ ሌላው ቀላል ነው።

ሦስቱ መዳረሻዎች

ቅርቡ ደብረ ሊባኖስ ነው። በኦሮሚያ ሰሜን ሸዋ ዞን፣ በጎጃም መንገድ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ማለዳ 12 ሰዓት የተነሳ ቡድን ረፋዱ ላይ ይደርሳል፤ ሳይመሽ ይመለሳል። ገዳሙን በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የፋሺስት ጣልያን ጦር የጨፈጨፈውም የዚህኑ ገዳም መነኮሳትና ምእመናን ነው። ይህን የሚያውቅ አስረጂ የሌለው ጉዞ ሕንፃ አይቶ ከመመለስ አያልፍም። ከገዳሙ ወጣ ብሎ የፖርቹጋል ድልድይ አለ። እዚያ አፋፍ ላይ ጭላዳዎችን በቅርብ ታያላችሁ። ሰው ስለለመዱ ይጠጓችኋል፤ እባካችሁ ብስኩት አትስጧቸው።

አንኮበር ከአዲስ አበባ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደብረ ብርሃን ቁርስ ተበልቶ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረ ከተማ ነው፤ ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት የገዙት ከዚህ ነው። የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ዛሬ ሎጅ አለ። ከመኪና ወርዶ ዳገቱን በእግር መውጣት ግድ ነው። ላይ ሲደርሱ በምሥራቅ በኩል እስከ አፋር ቆላ ድረስ ይታያል፣ ሰማዩ ከጠራ። ብዙ አዘጋጆች ይህን ጉዞ በአንድ ቀን ይሸጡታል። ይቻላል፤ ግን ደርሶ መልሱ ብቻ ሰባት ስምንት ሰዓት ይወስዳል። ለኮረብታው የሚተርፈው ጊዜ ትንሽ ነው። ደብረ ብርሃን ወይም አንኮበር የሚያሳድረውን ምረጡ።

ጓሳ ከሦስቱም ሩቁ ነው። ጣርማበር ላይ ወደ መንዝ ይታጠፋል፤ ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ከፍታው ከ3,200 ሜትር ይጀምራል። የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲከፈት ሁሉም ለቤት ክዳን የሚሆነውን የጓሳ ሣር ያጭዳል። እዚህ ላይ ቆም ብዬ መናገር የምፈልገው ነገር አለ። ቀይ ቀበሮ በመላው ዓለም የቀረው ከ500 የማይበልጥ ነው፤ ሌላ አገር የለም። ጓሳ ላይ እስካሁን የሚታየው ገበሬዎቹ ሣሩን ስለጠበቁ ነው። ስለዚህ ለአካባቢው አስጎብኚና ለመግቢያ የምትከፍሉት ብር ትርፍ ወጪ እንዳይመስላችሁ። በጥቅሉ ዋጋ ውስጥ መካተቱን ጠይቁ፤ ካልተካተተ እንዲካተት ግፉ።

ጓሳን በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት። ጭላዳዎቹ ሌሊቱን ገደል ላይ ያድራሉ፤ ወደ ሜዳው የሚወጡት ፀሐይ ሞቅ ሲል ነው። ያንን ማየት የሚችለው እዚያው ያደረ ነው። በስምንት ሰዓት ደርሶ በአሥር ሰዓት የሚመለስ ቡድን የሚያየው ሣርና ጅብራ ነው።

የእኔ ምርጫ? አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ደብረ ሊባኖስ። ሁለት ቀን ካላችሁና ድንኳን ካልከበዳችሁ ጓሳ፣ ያለ ማመንታት። ታሪክ የሚወድ፣ አልጋ ላይ ማደር የሚፈልግ ቡድን ወደ አንኮበር ይሂድ።

ትልቅ አውቶቡስ፣ ኮስተር ወይስ ሚኒባስ?

ትልቅ አውቶቡስ ለነፍስ ወከፍ ርካሽ ነው። ዕቃ መጫኛው ሰፊ ነው፤ ዘፈኑም ጨዋታውም ይደምቃል። ችግሩ ሰዓት ነው። ሃምሳ ሰው ለሽንት ወርዶ እስኪመለስ፣ ቡና እስኪጠጣ፣ ፎቶ እስኪነሳ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ለደብረ ሊባኖስ መንገዱ አጭር ስለሆነ ይሁን። ለጓሳ ግን አልመክርም።

ኮስተር ከሃያ አምስት እስከ ሠላሳ ሰው ይይዛል። ለወጣት ቡድን እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ሰው ይተዋወቃል፤ የቀረም ካለ ወዲያው ይታወቃል። ሁለት ነገር ግን አረጋግጡ። አንደኛ፣ መሃል መተላለፊያው ላይ የሚዘረጋው ተጨማሪ ወንበር ይሸጣል ወይ? ከተሸጠ እዚያ የተቀመጠ ሰው መደገፊያ የለውም ማለት ነው፤ ለረጅም መንገድ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ዕቃ የት ይጫናል? ፖርቶ መጋላ ላይ ከሆነ ሸራ መኖሩን ጠይቁ።

ሚኒባስ አሥር አሥራ ሁለት ሆነው ለሚሄዱ ጓደኛሞች ጥሩ ነው። ሹፌሩ ያን መንገድ የሚያውቅ ይሁን እንጂ።

የጣርማበር ጠመዝማዛ ብዙ ሰው ያስመልሳል። ራሳችሁን የምታውቁ ከሆነ የኋላ ወንበር አትያዙ። ፊት ለፊት፣ መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። ስልክ አታንብቡ። ፌስታልና ሎሚ በኪስ ይኑር። ጥሩ አስተባባሪ መሃል መንገድ ላይ ወንበር ያቀያይራል፤ ካላቀያየረ እናንተ ጥያቄውን አንሱ።

ምን ይያዝ፣ ምን ይገዛ?

ለብርዱ፦ ጋቢ ወይስ ስሊፒንግ ባግ? ለደብረ ሊባኖስ ሹራብ ይበቃል። ለአንኮበር ጋቢ ምርጥ ነው። መኪና ውስጥ ይለበሳል፣ ማታ ይደረባል፣ ሲጠቀለል ትራስ ይሆናል። ጓሳ ድንኳን ውስጥ ግን ጋቢ ብቻውን አያዋጣም። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል። ጥጥ ደግሞ ከረጠበ ይከብዳል እንጂ አያሞቅም። ስሊፒንግ ባግ ስትገዙ መለያው ላይ ያለውን የሙቀት ቁጥር አንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቁጥር አለ። አንዱ ተመችቶ የሚተኛበት ነው፣ ሌላው ሰው ሊቋቋመው የሚችለው የመጨረሻ ብርድ ነው። ሻጩ የሚያሳያችሁ ሁለተኛውን ነው፤ እናንተ የመጀመሪያውን ተመልከቱ። መግዛት ካልፈለጋችሁ ከአዘጋጁ ተከራዩ፤ ጋቢ ደርቡበት። ከሥር የሚነጠፍ ፍራሽ መኖሩንም ጠይቁ፤ ብርዱ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመሬትም ይመጣል። መንዝ ገበያ ካጋጠማችሁ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና አለ። ከባድ ነው፤ ግን የትኛውም የፋብሪካ ብርድ ልብስ አይደርስበትም።

ወፍራም ጃኬት ወይስ ደራርቦ መልበስ? መደራረብ። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ማታ ብርዱ አጥንት ይገባል። ቀጭን ከናቴራ፣ ሹራብ፣ ከላይ ንፋስ የማያስገባ ጃኬት። ሰልባጅ ተራ በደንብ ከፈለጋችሁ ከአዲሱ የተሻለ ጃኬት በትንሽ ብር ይገኛል። ጃንጥላ ጓሳ ላይ ንፋሱ ስለሚገለብጠው የዝናብ ልብስ ይሻላል። ኮፍያና ጓንት የግድ ነው። የፀሐይ መከላከያ ቅባትም እንዲሁ፤ ከፍታ ላይ ፀሐይ በደመና ውስጥም ያቃጥላል።

ጫማ። ለደብረ ሊባኖስ ሶሉ ያላለቀ ስኒከር ይበቃል። ለጓሳ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ቦት ይሻላል። አዲስ ከገዛችሁ ከጉዞው በፊት ሳምንት ያህል ሰፈር ውስጥ አድርጉት፤ አዲስ ጫማ ዳገት ላይ እግር ይልጣል።

ሻንጣ ወይስ የጀርባ ቦርሳ? የጀርባ ቦርሳ። ጎማ ያለው ሻንጣ አንኮበር ዳገት ላይ ሸክም ነው። ከእሱ ሌላ ወንበራችሁ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ቦርሳ ያዙ። መታወቂያ፣ ውኃ፣ ሶፍት፣ መድኃኒት፣ ሹራብ እዚያ ውስጥ ይሁን። ፖርቶ መጋላ ላይ የወጣ ዕቃ እስከ ማታ አይወርድም። መታወቂያ ስል ኬላ ላይ የሚጠየቅ ስለሆነ ነው። ስልካችሁን ማታ ከናንተ ጋር አስተኙት፤ ባትሪ በብርድ ቶሎ ያልቃል። የግንባር ባትሪ ከእጅ ባትሪ ይበልጣል። ለመንገድ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎና በሶ፤ አይበላሹም፣ ለሌላውም ይዳረሳሉ።

ደብረ ሊባኖስ ለሚሄዱ ሴቶች ረጅም ቀሚስና ነጠላ፣ ለወንዶች ረጅም ሱሪ። ቁምጣ ለብሶ ገዳም በር ላይ መመለስ ያሳዝናል።

ከመክፈላችሁ በፊት

ሰሜን ሸዋ ውስጥ መንገድ በጸጥታ ምክንያት የሚዘጋበት ጊዜ አለ። አዘጋጁን በግልጽ ጠይቁ። መንገድ ቢዘጋ ብራችን ይመለሳል ወይስ ቀን ይቀየራል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፣ በቴሌግራምም ቢሆን። እናንተም በጉዞው ዋዜማ እዚያ አካባቢ የሚኖር ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። አዘጋጁ ራሱ ሥጋት አለ ብሎ ጉዞ ከሰረዘ አትቆጡት፤ ሌላ ጊዜ ከእሱ ጋር ሂዱ።

ምግቡ የጾም ነው የፍስክ? ቅዳሜና እሑድም ጾም ሊሆን ይችላል፤ አስቀድሞ ያልተነገረው አብሳይ መንዝ ላይ በግ አርዶ ይጠብቃችኋል። ሴቶች ለመጸዳጃ የት የት እንደሚቆም ይጠይቁ፤ ይህን አስቦበት የሚመልስ አዘጋጅ ሌላውንም አስቦበታል። አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ጓሳ ከመመዝገቡ በፊት ሐኪም ያማክር። ጤነኛም ቢሆን መጀመሪያው ቀን ላይ ከከፍታው የተነሳ ራስ ምታት ሊይዘው ይችላል። ውኃ ይጠጣ፣ ቀስ ብሎ ይሂድ። የደብረ ብርሃን አረቄ ያሞቃል የሚለውን አይስማ፤ ለጊዜው የሞቀ ይመስላል እንጂ የሰውነትን ሙቀት ያስወጣል። እየባሰበት ከሄደ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ አለበት። ለዚህ መኪናው ሌሊቱን እዚያው ማደሩን፣ ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ሄዶ የሚያድር አለመሆኑን አረጋግጡ።