«1.8 ነው» ተብሎ የሚሸጠውን የኒኮን ሌንስ ከመግዛታችሁ በፊት

በምሽት የሙዚቃ ቤቶች ውስጥ ፎቶግራፍ የምታነሡ፣ ለዚሁም ሥራ ያገለገለ የኒኮን ሌንስ የምትፈልጉ ካላችሁ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ስታዲየም አካባቢ 16 ሺህ ብር ከፍዬ የገዛሁት 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከእኔ ካሜራ ጋር በአግባቡ የማይሠራ፣ በዚያ ላይ ውስጡ ሻጋታ ያበቀለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሻጩ ሁለቱን ነገሮች የሸፈነበት መንገድ በጣም ቀላል ስለሆነ፣ እኔም ራሴን እንደ ጥንቁቅ ገዢ እቆጥር ስለነበር፣ የሆነውን በዝርዝር መጻፍ ተገቢ መስሎ ታየኝ። የሰውየውን ስም ከመጥራት ግን ተቆጥቤያለሁ።

ያለኝ ካሜራ ኒኮን ዲ3200 ሲሆን ሌንሱም አብሮት የመጣው ከ18 እስከ 55 የሚዘረጋው ዙም ነው። ይህ ሌንስ በቀን ብርሃን እንከን አይወጣለትም። ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ባለው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በምሄድበት ምድር ቤት ውስጥ ግን መድረኩን የሚያበሩት ሁለት ቀይና አንድ ሰማያዊ አምፖሎች ብቻ ናቸው። ሌንሱ እስከ 55 ሲዘረጋ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ከ5.6 በላይ ስለማይከፈት፣ አይኤስኦውን (የካሜራውን ብርሃን የመቀበል አቅም) 6400 ላይ አድርጌም እንኳ ሹተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ወደ 1/20 ሴኮንድ ይወርድብኛል። በዚህ ፍጥነት የድራም መቺው እጅ ጭስ ይመስላል፤ የማሲንቆው ደጋንማ ጭራሹኑ ከምስሉ ይጠፋል። የሌንሱ ንዝረት መከላከያ የሚያረጋጋው የእኔን እጅ እንጂ የተጫዋቹን አይደለምና፣ ንዝረት መከላከያ ስላለው ብቻ ለጨለማ ቤት ይሆናል ተብሎ ዙም ሌንስ ሲቀርብላችሁ አትቀበሉ። ስለ ፍላሽ ባናነሣ ይሻላል፤ አንድ ጊዜ ሞክሬው አዝማሪው የቤቱ ሰው ሁሉ እስኪስቅብኝ ድረስ በሰምና ወርቅ ሸንቁጦኛል።

አፐርቸሩ እስከ 1.8 የሚከፈት ሌንስ 5.6 ላይ ከቆመው አሥር እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። 1/20 የነበረው ሹተር 1/200 ይሆናል፤ በ1/200 የደጋኑ የፈረስ ጭራ ሳይቀር ይታያል። እንግዲህ «1.8» የምትለዋን ቁጥር ስሰማ ሌላውን ሁሉ መጠየቅ የተውኩት በዚህ የተነሣ ነው።

ማስታወቂያውን ያየሁት በቴሌግራም ነበር። «ኒኮን 50 ሚሊ ሜትር 1.8፣ ኦርጅናል፣ ለኮንሰርትና ለናይት ክለብ የሚሆን» ይላል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተገናኘን። ካሜራዬን ይዤ አልሄድኩም ነበር፤ የእኔ ጥፋት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሻጩ ሌንሱን በራሱ የኒኮን ዲ7100 ካሜራ ላይ ገጥሞ ሰጠኝ፤ መንገድ ማዶ ያለ ታክሲ ላይ ባነጣጥር «ዝዝ» ብሎ ወዲያውኑ ፎከስ አደረገ፤ ምስሉም እንደ ምላጭ የጠራ ነበር። የእኔ ዲ3200 መሆኑን ነግሬው ይሆናል ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ «የኒኮን ሌንስ ለኒኮን ሁሉ ይገባል ወንድሜ» አለኝ። ቃል በቃል ካየነው ውሸት አልተናገረም፤ ይገባል። ዋጋውን ስንጨርስ ደግሞ ሌንሱ ፊት ላይ አጥብቆ ያሰረውን ፊልተር «እሱ ምርቃት ነው፣ መስታወቱን ከጭረት ይጠብቅልሃል» ብሎ ተወልኝ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ስገጥመው የካሜራው ስክሪን «ኤፍ ኢ ኢ» የሚል ምልክት እያብለጨለጨ አላነሣ አለኝ። አንድ ወዳጄ በስልክ እንደነገረኝ የሌንሱን የአፐርቸር ቀለበት ወደ 22 አዙሬ ስቆልፈው ምልክቱ ጠፋ። ከዚያ ፎከስ እንዲያደርግ የሹተሩን ቁልፍ በከፊል ተጫንኩ። ጸጥ። ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኒኮን አውቶፎከስ (በራሳቸው ፎከስ የሚያደርጉ) ሌንሶች በዋናነት ሁለት ትውልድ ናቸው። በቀድሞዎቹ ሌንሱ ውስጥ ሞተር የለም፤ ፎከሱን የሚያዞረው ካሜራው ቦዲ ውስጥ ያለ ሞተር ሲሆን ኃይሉ ከካሜራው አፍ በምትወጣ ትንሽ መዘውር በኩል ወደ ሌንሱ ይተላለፋል። ዲ90፣ ዲ7000፣ ዲ7100፣ ዲ7200፣ ዲ610፣ ዲ750 ይህ ሞተር አላቸው። ዲ40ና ዲ60፣ ከዲ3000 እስከ ዲ3500 ያሉት፣ እንዲሁም ከዲ5000 እስከ ዲ5600 ያሉት ግን የላቸውም፤ እኛ በብዛት በእጃችን የምንይዘውም እነዚህን በርካሽ የሚገኙትን ነው። በአዳዲሶቹ የኒኮን ዜድ ካሜራዎችም ኒኮን ራሱ በሚሠራው የሌንስ ማገናኛ በኩል ቢገጠም ያው በእጅ ከማዞር አያድንም። ለእኔ የተሸጠልኝ በ2002 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው «ዲ» የሚባለው ነበር። የሚያስፈልገኝ በ2011 የወጣው፣ ሞተሩን በራሱ ውስጥ የያዘው «ጂ» ነው። የካኖን ተጠቃሚዎች በዚህ በኩል ዕድለኞች ናቸው፤ ከ1987 ጀምሮ የመጡት የኢኤፍ አውቶፎከስ ሌንሶች ሁሉ ሞተራቸው በውስጣቸው ነው።

ሁለቱን ለመለየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ሌንሱን ገልብጣችሁ ብረት የሆነውን አፉን ተመልከቱ፤ ዳር ላይ የብሎን ራስ የመሰለች ስንጥቅ ካለች ሞተር የሌለው ነው። «ዲ» ላይ ከ1.8 እስከ 22 የተጻፈበት ቀለበት አለ፤ 22 በብርቱካናማ ቀለም ነው። «ጂ» ላይ ቀለበቱ የለም፤ በምትኩ ጎኑ ላይ ከአውቶ ወደ ማንዋል የምትገፋ ማብሪያ ማጥፊያ የመሰለች ቁልፍ አለች። ስሙ ላይም «ኤኤፍ» ብቻ ከሆነ የቀድሞው፣ «ኤኤፍ-ኤስ» ከሆነ ባለ ሞተሩ ነው። ያቺ አንዲት «ኤስ» 16 ሺህ ብር አስከፍላኛለች።

በእጅ እያዞርኩ ልሠራበት እችላለሁ ብዬ ራሴን አጽናንቼ በማግስቱ ቅዳሜ ይዤው ሄድኩ። አፐርቸሩ 1.8 ላይ ሆኖ ከ2 ሜትር ርቀት ስታነሡ፣ በእኔ ዓይነት ካሜራ ጥርት ብሎ የሚወጣው ክፍል ጥልቀቱ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም። ማሲንቆ ተጫዋች ደግሞ በየስንኙ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ እስክስታ የሚወርደውንማ ተዉት። የካሜራው ማያ መስኮት ጠባብና ደብዛዛ ስለሆነ ፎከስ መያዙን በዓይን መለየት አይቻልም፤ ከታች የምትበራው አረንጓዴ ነጥብ ትረዳለች፣ ነገር ግን ነጥቧ በርታ እኔ እስክጫን ሰውየው ቦታውን ለቋል። ከ140 ምስሎች ውስጥ ለሰው የሚታዩት 9 ነበሩ፤ ከእነዚህም አራቱ ማይክሮፎኑ የጠራባቸው፣ ፊቱ የደበዘዘባቸው ናቸው።

የቀሩትም ቢሆኑ በየአምፖሉ ዙሪያ ነጭ ጉም ነበረባቸው። መጀመሪያ የሲጋራ ጭስ መስሎኝ ነበር። ፊልተሩን ልፈታው ብሞክር አልላቀቅ ስላለኝ ፒያሳ ያለ የካሜራ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት፤ በላስቲክ ጨብጦ አላቀቀውና የስልኩን ባትሪ አብርቶ ከኋላ በኩል አሳየኝ። ከፊተኛው መስታወት ጀርባ፣ ከዳር ተነሥቶ ወደ መሐል የሚሄድ፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ነበር። ፊልተሩ በላዩ ላይ ሆኖ የራሱን ነጸብራቅ ስለሚጨምር በቀን ብርሃን ውስጡን ማየት ያስቸግራል፤ ምርቃቱ ለዚሁ የተደረገ ነው። ሌንስ ክረምቱን በቦርሳ ታፍኖ በእርጥበት ሲቆይ እንዲህ ይሆናል። ጠጋኙ እንደገለጸልኝ ሻጋታው የመስታወቱን ቅብ አንዴ ከበላው ቢጠረግም ምልክቱ አይጠፋም። በቀን ፎቶ ላይ ጉዳቱ አይታወቅ ይሆናል፤ ከፊት ለፊት ቀይ መብራት በሚወረወርበት መድረክ ላይ ግን ምስሉን ሁሉ ያጥበዋል። ስለዚህ ምርቃትም ቢሆን ፊልተሩ ሳይፈታ ገንዘብ አትክፈሉ፤ ባትሪም አብርታችሁ ከፊትም ከኋላም ተመልከቱ።

ለትንሽ ቤት ከ50 ይልቅ 35 ሚሊ ሜትር 1.8 «ጂ» ይሻላል ባይ ነኝ፤ በእኛ ዓይነት ካሜራ 50ው እንደ 75 ሚሊ ሜትር ሌንስ አቅርቦ ስለሚያሳይ ከሁለት ሜትር ላይ ድራሙንና መቺውን አንድ ላይ አይዝላችሁም። ከ70 እስከ 300 የሚዘረጋውን ባለ 5.6 ዙም «የኮንሰርት ሌንስ» የሚሉትን አልፋችሁ ሂዱ፤ እሱ በቀን ብርሃን ለሚደረግ የስታዲየም ጨዋታ ነው።

ወደ ሻጩ ስደውል «አይተህ ነው የገዛኸው» አለኝ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ቢደነግግም፣ እኔ በእጄ ደረሰኝም የንግድ ቤት አድራሻም አልነበረኝም፤ ያለኝ ማስረጃ የቴሌግራም ጽሑፍ ሲሆን እሱንም በማግስቱ አጥፍቶታል። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ በ9 ሺህ ብር መልሶ ወሰደው፤ 7 ሺህ ብር ከስሬ ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

ትናንት ማታ ያው ሌንስ በ17 ሺህ ብር እንደገና ወጥቶ አየሁት፤ አዲስ ፊልተር ታስሮለታል፣ ፎቶውም የተነሣው በዚያው ዲ7100 ላይ እንደተገጠመ ነው። የምለየው በቀለበቱ ላይ ብርቱካናማው 22 አጠገብ ባለችው የጥፍር ጫፍ በምታህል ጭረት ነው፤ እኔ ራሴ ያን ምሽት ቁልፉን በቢላ ስገፋ ያስቀረኋት ነች።