ለጓሳ ንጋት ምን ይገዛ? ሌንስ፣ ካሜራ ወይስ ሶፍትዌር

መንዝ ጓሳ ላይ ጥሩው ፎቶ የሚገኘው ፀሐይ ሳትጠነክር ነው። ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል ወደ ሜዳው ሲወጡ፣ ቀይ ቀበሮዋም አይጥ ስታደባ። በ1/500 ሰከንድ ልያዛት ካላችሁ አይኤስኦው (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበት ቁጥር) 6400 ይገባል። ኖይዙም (ፎቶውን የሚያበላሸው ነጠብጣብ) አብሮ ይመጣል። ታዲያ ብሩ የት ይዋል?

በሌንስ እንጀምር። ብዙዎቻችን የያዝነው 150-600 ሚሊሜትር ዙም ነው፤ ጫፉ ላይ ኤፍ 6.3 ነው (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ቁጥር ነው፤ ሲያንስ ብርሃኑ ይበዛል)። ኤፍ 4 የሆነ 600 ሚሊሜትር ሌንስ 2.5 እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። 6400 የነበረው ወደ 2500 ይወርዳል። ከዚህ የተሻለ መድኃኒት የለም፤ ዋጋው ግን ያስደነግጣል። ክብደቱም ቀላል አይደለም፣ ያውም ከ3200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተሸክሞ መሄድ።

ካሜራ መቀየር ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነው። የፉል ፍሬም ሴንሰር (ብርሃን ተቀባዩ ክፍል) ኤፒኤስ-ሲ ከሚባለው አነስተኛ ሴንሰር በስፋት ከ2 እጥፍ በላይ ነው፣ እውነት ነው። ጭላዳ ቀረብ ስለሚያስብል ፍሬሙን ትሞሉታላችሁ፤ ልዩነቱም ይታያል። ቀበሮዋ ግን ሩቅ ናት። በያዛችሁት ሌንስ አንስታችሁ ዳር ዳሩን ከቆረጣችሁት፣ የከፈላችሁበትን ስፋት ራሳችሁ ጣላችሁት። ኖይዙ እዚያው ነው።

ስለዚህ ለእኔ ቀዳሚው ኖይዝ የሚያጸዳ ሶፍትዌር ነው። የፎቶ ማዘጋጃው ላይትሩም በ2023 ያስገባው "ዲኖይዝ" ፎቶውን እዚያው ለሚያዘጋጅ ሰው ምቹ ነው፤ ክፍያው ግን በየጊዜው የሚታደስ ነው። በዶላር ካርድ በየወሩ መክፈል ለሚቸግረው የዲኤክስኦ ፒውር ሮው ይሻለዋል፤ አንዴ ተገዝቶ ያልቃል። ሁለቱም የተሠሩት ለሮው ፋይል ነው፤ ካሜራው ሳያዘጋጀው እንዳለ ለሚያስቀምጠው ማለት ነው። በጄፔግ ብቻ (ካሜራው አዘጋጅቶ በሚጨምቀው ፋይል) ያነሳችሁት የቆየ ፎቶ ካለ ቶፓዝ ይሠራላችኋል፤ ግን እጁ ይከብዳል፣ ፎቶውን አብዝቶ ይነካካዋል። ዳርክቴብል ነፃ ነው። ለመልመድ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ አይናቅም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የላይትሩሙን መቆጣጠሪያ ወደ 100 ስትገፉት የጭላዳው ጎፈር ላስቲክ ይመስላል። ከቀበሮዋ ጢም አንዳንዱ ይጠፋል፤ ከኋላ ያለው ሣር ላይ ደግሞ ያልነበረ መስመር ይፈጠራል። እኔ ከ40 ብዙም አላልፍም። ትንሽ ኖይዝ ቢቀር ማን ሞተ?

ላፕቶፓችሁንም እዩት። ጠንከር ያለ ግራፊክስ ካርድ ከሌለው አንዷን ፎቶ ለማጽዳት ደቂቃዎች ይፈጃል። ከሚሸጡት መካከል የሙከራ ቅጂ ያለው ካለ አትለፉት። ከመክፈላችሁ በፊት አውርዱና በጣም የጨለመባችሁን ፎቶ ስጡት። ውጤቱን 100 በመቶ አጉልታችሁ ዓይንና ፀጉሩ ላይ ፍረዱ።