ለሞሞ የቱን ዱቄት ልግዛ? የወፍጮ ስንዴ ወይስ ፉርኖ

ሞሞ የኔፓልና የቲቤት ሰዎች ምግብ ነው። ሳምቡሳን አስቡት፤ ይሄኛው ግን ዘይት ሳያይ በእንፋሎት ይበስላል። ጅማ ቤቴ በሁለቱም ዱቄት ሠርቼዋለሁ።

ፉርኖ ዱቄት አያደክምም። ከሱቅ ገዝቶ ማቡካት ነው። ሊጡ ይለጠጣል፣ አሳስታችሁ ብትዳምጡትም አይቀደድም። ጣዕም ካላችሁኝ ግን የለውም። አፍ ላይ የሚቀረው ውስጡ የምንሞላው ጥቅል ጎመን ብቻ ነው።

የወፍጮው ስንዴ ጣጣ አለው። ገዝቶ፣ ለቅሞ፣ ተሸክሞ ወፍጮ ቤት መሄድ ነው። ለ1 ኪሎ ብላችሁ ብትሄዱ ባለወፍጮውም ፊቱን ያጠቁርባችኋል። ከነፉርሽካው ስለሚፈጭ ቶሎ ይበላሻል፤ በክረምት እርጥበት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ በወር የሚያልቀውን ያህል ብቻ አስፈጩ። ግን ትኩስ ዱቄቱ ሲሸት! ለእኔ ድካሙን የሚያስረሳኝ እሱ ነው።

ፉርሽካው ውሃ የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነው፤ ሊጡንም ይቆራርጠዋል። የመጀመሪያ ቀን ወዲያው አቡክቼ ወዲያው ዳመጥኩት። ሊጡ ማጥለያው ላይ ተጣብቆ ቀረ፣ ጎመኑ ታች ውሃው ውስጥ ገባ። እራታችን ሾርባ ሆነ። አሁን ዱቄቱን አንድ ጊዜ በወንፊት እነፋዋለሁ። ለ2 ኩባያ ዱቄት ሦስት አራተኛ ኩባያ ያህል ለብ ያለ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እጨምራለሁ። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ አልብሼ ግማሽ ሰዓት አሳርፈዋለሁ። ስዳምጠው መሃሉን ወፈር፣ ጠርዙን ሳሳ አደርገዋለሁ። ጥቅል ጎመኑንና ካሮቱን ከትፌ ጨው ነስንሼ ካቆየሁ በኋላ አጥብቄ እጨምቃለሁ። ውሃው ካልወጣ የትኛውም ሊጥ አይችለውም።

ለጀማሪ ግማሽ በግማሽ ቢደባለቅ ይሻላል። እጃችሁ ሲለምድ ፉርኖውን ተዉት።

ባለ ሦስት ፎቅ የእንፋሎት ድስት ግን እንዳትገዙ። ድስት አፍ ላይ የሚገጥም የብረት ማጥለያና ክዳን ይበቃል። ታቹን ዘይት ከመቀባት ኮባ አንጥፉበት፤ ጅማ ላይ ኮባ መቼም አይታጣ። ሊጡ አይጣበቅም፣ ሽታውም የድፎ ዳቦ ሽታ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ 10 ደቂቃ ይበቃል ቢሏችሁም 15 ስጡት።

ማባያው? ቆጭቆጫ ነዋ።