የሜሰን «ኤችዲ ፓክ»፦ ደመናውን ከቁጥቋጦው የለየ መሣሪያ

በሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ የመጀመሪያ ሜዳ ላይ፣ በሰማዩ የሚንሳፈፈው ነጭ ደመናና ከመሬት የበቀለው አረንጓዴ ቁጥቋጦ አንድ ሥዕል ናቸው፤ የሚለያቸው ቀለም ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ይህ ጌም መላ ይዘቱ 40 ኪሎባይት፣ ከዚያም ውስጥ የሥዕሉ ድርሻ 8 ኪሎባይት ብቻ ስለነበረ፣ ሠሪዎቹ አንዱን ቅርጽ ሁለት ቦታ ማዋላቸው ብልሃት እንጂ ስንፍና አልነበረም። የጌሙን ሥዕል በገዛ እጁ ለመለወጥ የተነሣ ሰው ግን መጀመሪያ የሚጋጨው ከዚሁ ብልሃት ጋር ነው፤ ደመናው ላይ የመብረቅ ጭረት ቢጨምር ቁጥቋጦውም መብረቅ ያበቅላል።

ሜሰን የቆዩ የጌም ኮንሶሎችን አሠራር በኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያስኬድ፣ ያለ ክፍያ የሚገኝና ምንጭ ኮዱም ክፍት የሆነ ኢሙሌተር ነው። የሚያስኬዳቸው ኮንሶሎች በርካታ ቢሆኑም፣ ይህ ግምገማ የሚመለከተው ለኒንቴንዶው ባለ 8 ቢት ኮንሶል ያቀረበውንና ኤችዲ ፓክ ተብሎ የሚጠራውን አገልግሎት ብቻ ነው፤ ይኸውም የጌሙን ሥዕልና ሙዚቃ ተጠቃሚው ባዘጋጃቸው ፋይሎች መተካት ነው። አንድ ወር ለሚሆን ጊዜ ማታ ማታ ስሠራበት ከቆየሁ በኋላ፣ ሥዕሉንና ሙዚቃውን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ እንደማይቻል ተረድቻለሁ። በሥዕል በኩል ከጠበቅሁት በላይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ በሙዚቃ በኩል ግን በሩን ገርበብ አድርጎ ትቶታል።

ኮንሶሉ ምስል የሚሠራው ግድግዳ በታይል እንደሚለበስ ነው። 256 በ240 ነጥብ የሆነው ምስል እያንዳንዳቸው 8 በ8 ነጥብ ከሆኑ ትናንሽ ታይሎች ይገጣጠማል። እያንዳንዱ ታይል ቅርጹን በ16 ባይት ይይዛል፤ ቀለሙን ግን በራሱ ውስጥ አይዝም፤ አራት አራት ቀለማት ከያዙት ፓሌቶች አንዱ ከውጭ ይመደብለታል። እንደ ዋይዋይ ሲኤችአር ያሉት የቆዩ የታይል ማስተካከያ ፕሮግራሞች የሚነኩት እነዚህኑ 16 ባይቶች በቀጥታ ስለሆነ፣ ለውጡ በእውነተኛው ኮንሶል ላይም ይሠራል፤ ገደቡም ግን እንዳለ ይቀራል። ከዚህ ቀደም የአንድን ጌም የእንግሊዝኛ ፊደላት አውጥቼ የእኛን ፊደል ለማስገባት ስሞክር ይህን ገደብ በተግባር አይቼዋለሁ። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ የጀርባው ምስል በአንድ ጊዜ ሊጠቀምበት የሚችለው ደግሞ 256 ታይል ነው፤ ሙሉው ገበታ ከገባ ለሰማዩ፣ ለጡቡና ለተራራው የሚተርፈው 25 ብቻ ይሆናል። በዚያ ላይ «ሀ» እና «በ» በስምንት ነጥብ ቁመት ደህና ሲቀረጹ፣ «ጭ» እና «ጬ» እርስ በርሳቸው አይለዩም።

ሜሰን የሄደበት መንገድ ሌላ ነው፤ ሥዕሉን ለመለወጥ የጌሙን ፋይል አይነካም። ጌሙ በሚሄድበት ጊዜ ወደ ስክሪን የሚወጣውን እያንዳንዱን ታይል ከነፓሌቱ ይመለከትና፣ ለዚያ ጥምረት የተዘጋጀ ምትክ ካገኘ በቦታው እሱን ያሳያል። ነገሩ ሁሉ ያለው «ከነፓሌቱ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ነጭ ፓሌት የተመደበለት ቅርጽ አንድ ምትክ፣ አረንጓዴ ፓሌት የተመደበለት ያው ቅርጽ ሌላ ምትክ ሊኖረው ስለሚችል፣ ደመናና ቁጥቋጦ ተለያይተው ሊሣሉ ይችላሉ። ምስሉ በቁመትም በወርድም በአራት እጥፍ እንዲያድግ ከተመረጠ ደግሞ 64 ነጥብ የነበረው ታይል 1,024 ነጥብ ያገኛል፤ ከአራት ቀለም ገደብም ይላቀቃል።

ምትኮቹን ለማዘጋጀት የሚያገለግለው መቅጃ ከሁሉ ይልቅ የወደድኩት ክፍል ነው። ተጠቃሚው መቅጃውን አስነሥቶ ጌሙን ይጫወታል፤ ፕሮግራሙም ያያቸውን ታይሎች እየለቀመ በፒኤንጂ ሥዕሎች ላይ ይደረድራቸዋል፤ የትኛው ታይል በየትኛው ሥዕል ላይ የት እንዳለም በአንድ የጽሑፍ ፋይል ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሥዕሎቹን በለመዱት የሥዕል ፕሮግራም ከፍቶ በላያቸው መሣል ነው። መቅጃው የሚለቅመው ግን ስክሪኑ ላይ የወጣውን ብቻ ስለሆነ፣ የመጨረሻውን ግንብ ያልደረሰበት ሰው የግንቡን ታይሎች አያገኝም። እኔ «ዓለም» ከሚባሉት የጌሙ ምዕራፎች አራተኛው ላይ ስለምቀር የቀረውን ተጫውቶ የቀዳልኝ የእህቴ ልጅ ነው፤ ለእሱ የአንድ ከሰዓት ሥራ እንኳ አልሆነበትም።

ችግሩ የሚጀምረው ጌሙ ራሱ በቀለም ሲጫወት ነው። የጥያቄ ምልክት ያለበት ሣጥን ብልጭ ድርግም የሚለው ታይሉ ሳይሆን ፓሌቱ ስለሚለዋወጥ ነው፤ በሜሰን ዓይን ግን እያንዳንዱ የፓሌት ለውጥ አዲስ ጥምረት ስለሆነ ለአንዱ ሣጥን በርካታ ምትክ መሣል ያስፈልጋል። አንዱን ምትክ ለማንኛውም ፓሌት እንዲያገለግል ማድረግ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን ብልጭታው ይጠፋል። «ይህ ታይል በአጠገቡ ያ ታይል ሲኖር ብቻ ይተካ» ወይም «በዚህ የማስታወሻ (ሜሞሪ) አድራሻ ላይ ይህ ቁጥር ሲኖር ብቻ ይተካ» የሚሉ ቅድመ ሁኔታዎችን መጨመርም ይቻላል፤ ይህ ትልቅ ኃይል ነው። እኔ ይህን ሁሉ በጽሑፍ ፋይሉ ውስጥ በእጄ እየጻፍኩ ስለሠራሁት፣ በአንዲት በተሳሳተች ነጠላ ሰረዝ ምክንያት አንድ ሙሉ ምሽት አቃጥያለሁ።

ወደ ሙዚቃው ስንመጣ፣ ኮንሶሉ ያሉት አምስት የድምፅ መስመሮች ናቸው፤ ሁለት ካሬ ሞገድ፣ አንድ ሦስት ማዕዘን ሞገድ፣ አንድ የጫጫታ መስመርና አንድ አጫጭር ቅጂዎችን የሚያጫውት መስመር። የሳንቲሙ ድምፅ ከካሬ ሞገዶቹ አንዱን ስለሚወስድ፣ ማሪዮ ሳንቲም በነካ ቁጥር የዜማው አንድ ድምፅ ለቅጽበት ይቋረጣል። ኤችዲ ፓክ ሙዚቃውን ከውጭ ካለ ኦግ ከሚባል የድምፅ ፋይል ስለሚያጫውተው ይህ መሻማት ይቀራል። ነገር ግን ታይልን አይቶ እንደሚለየው ሁሉ ዜማን ሰምቶ አይለይም፤ ጌሙ ወደ ድምፅ ክፍሉ የሚልከው ተራ ቁጥሮችን ነውና የትኛው ዜማ እንደተጀመረ ከእነሱ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ሙዚቃ መተካት የሚፈልግ ሰው በጌሙ ኮድ ውስጥ ገብቶ «አሁን ይህን ዜማ አጫውት» የሚል ትእዛዝ ሜሰን ወዳዘጋጀው አድራሻ እንዲላክ ማድረግ፣ የቀድሞውንም ሙዚቃ ዝም ማሰኘት አለበት። ለውጡ በፓች መልክ፣ ማለትም ለውጦቹን ብቻ በያዘ ትንሽ ፋይል፣ ከጥቅሉ (ከኤችዲ ፓኩ) ጋር ሊቀመጥና ጌሙ ሲከፈት በራሱ ሊሠራ መቻሉ ጥሩ ነው፤ ፓቹን ለመጻፍ ግን አሴምብሊ የተባለውን ለማሽኑ ቅርብ የሆነ የፕሮግራም ቋንቋ ማወቅ ግድ ነው። ይህም ሁሉ ተደርጎ ሌላ እንከን አለ፦ የቀረው ጊዜ 100 ሲደርስ የጌሙ ሙዚቃ ይፈጥናል፤ የተቀዳ ፋይል ግን በራሱ ስለማይፈጥን ለዚያ ብቻ ሌላ ቅጂ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ሌላ ሰው በሙሉ ኦርኬስትራ ያዘጋጀው ሙዚቃ ላይ የድሮው የዝላይ ድምፅ ጣልቃ ሲገባ፣ በሠርግ ባንድ መካከል የሞባይል ጥሪ የሰማሁ ያህል ተሰምቶኛል።

ኤችዲ ፓክ በእውነተኛው ኮንሶል ላይ እንደማይሠራ መታወቅ አለበት፤ የድሮ ካሴቱንና ቴሌቪዥኑን ይዞ መቀጠል ለሚፈልግ ሰው የታይል ማስተካከያው መንገድ ብቻ ይቀርለታል። ጥቅሉ ጌሙን በውስጡ ስለማይዝ፣ የሚጠቀምበት ሰው የጌሙን ፋይል ከራሱ ካሴት ማዘጋጀት ይኖርበታል፤ ታይሎቹ የሚለዩት በተራ ቁጥራቸው በሆነባቸው ጌሞች ደግሞ በሌላ አገር እትም ላይ ሲጫን ሥዕሎቹ ቦታ ሊሳሳቱ ይችላሉ። ለጀማሪ የምመክረው በሁለት እጥፍ ብቻ መጀመርን ነው፤ በአራት እጥፍ አንድ ታይል በደንብ ለመሣል የሚወስደው ጊዜ ትዕግሥትን ይፈትናል። እኔ አሁን ዓለም ሁለት ላይ ነኝ፤ ደመናዎቹ ዝናብ አዝለዋል፣ ቁጥቋጦዎቹ ቀይ ፍሬ የተንዠረገገባቸው የቡና ተክሎች ሆነዋል፣ ሙዚቃውን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ።