የልጄን ልብ በእስክሪብቶ ስላ ላስረዳችን ሲስተር

ዛሬ ልጄ ሰባተኛ መርፌዋን ተወግታ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ የጀመርኩት ጽሁፍ ነው፣ ስህተት ካለው እለፉኝ።

ልጄ 11 ዓመቷ ነው። አምና ጉሮሮዋን አመማት። እኔም «ቶንሲል ነው» ብዬ በጨው ውሃ አጉመጠመጥኳት፣ ዝንጅብል በማር ሰጠኋት፣ ተሻላት። (እንጥሏን አስቆርጫት ያሉኝም ነበሩ፣ እሱን እንኳን እግዜር ጠብቆኛል።) ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቷ አበጠ፣ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቷ። የሄድንበት ክሊኒክ «እያደገች ስለሆነ ነው» ብሎ ማስታገሻ ሰጥቶ ሸኘን። ደረጃ መውጣት ሲያቅታት ነው የባነንኩት። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ስትታይ አንዱ የልብ በሯ ተጎድቶ ደም ወደ ኋላ እየመለሰ ነው ተባለ። ሐኪሙ ብዙ አስረዳኝ፣ እኔ ግን «ልብ» ካለ በኋላ ምንም አልሰማሁም።

በየ28 ቀኑ ቤንዛቲን የሚባለውን የፔኒሲሊን መርፌ እንድትወጋ ወደ ሰፈራችን ጤና ጣቢያ ተላክን። አንዴ ተወጋች፣ ደህና ሆነች፣ እኔም «ከተሻላት ምን አስጨነቀኝ» ብዬ ሁለተኛውን ቀጠሮ ዘለልኩት። በማግስቱ ሲስተር ራሷ ደወለች። አልተቆጣችኝም። ኑ ብቻ አለችን።

ስንሄድ ልጄን «ጡጫሽን ጨብጪ» አለቻት። «ልብሽ ይቺን ታክላለች።» ከዚያ የካርዷን ጀርባ ገልብጣ ፎቅ ቤት ሳለች። ላይ ሁለት ክፍል፣ ታች ሁለት ክፍል፣ መሀል ላይ ቀኝና ግራውን የሚለይ ደፍን ግድግዳ። ቀኙ ከሰውነት የተመለሰውን ደም ኦክስጅን እንዲያገኝ ወደ ሳንባ ይልካል፤ ግራው ከሳንባ የመጣውን ተቀብሎ እስከ እግር ጣት ድረስ ይገፋል፣ ለዚህ ነው የታችኛው የግራ ክፍል ጡንቻው ከሁሉም የሚወፍረው። በሮቹ አራት ናቸው፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ ይከፈታሉ። ደረት ላይ ጆሮ ስናደርግ የምንሰማው ድም ድም እነሱ ሲዘጉ ነው። የልጄ የተጎዳው በግራ በኩል ከላይ ወደ ታች የሚያሳልፈው ባለ ሁለት ክንፉ ነው፣ ሚትራል ይሉታል።

«ታዲያ በሩን ማን ሰበረው?» አለች ልጄ።

ሲስተር ሳቀች። ከዚያ የጉሮሮው ባክቴሪያ ልብ ድረስ ሄዶ እንዳልሰበረው፣ የራሷ ሰውነት ባክቴሪያውን ሊዋጋ ተነስቶ ተሳስቶ የገዛ በሩን እንደመታ፣ ጉሮሮዋ በዚያው ባክቴሪያ ደግሞ ከታመመ ጠቡ እንደ አዲስ እንደሚጀምር አስረዳቻት። መርፌው የተጎዳውን በር አይጠግንም። ጠቡ እንዳይነሳ ነው የሚጠብቀው። ለካ ለዚህ ነው ሳያማትም የምትወጋው! ለእሷ ሲነገር ነው ለእኔም የገባኝ።

መርፌው ያማል፣ አልዋሻችሁም። ሲስተር ግን መድኃኒቱን መዳፏ ውስጥ ይዛ ታሞቀዋለች፣ ቦታውን ቀድማ በአውራ ጣቷ ትጫነዋለች፣ ከዚያ ቀስ ብላ እያወራቻት ትገፋዋለች። ግማሽ ሰዓት ሳንቆይም አትለቀንም።

ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። ልጃችሁ ይህን መርፌ የሚወጋ ከሆነና እንደ እኔ ግራ ከገባችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጤና ጣቢያውን እነግራችኋለሁ። ጠዋት በጊዜ ሂዱ፣ ካርድ ክፍል ወረፋ አለ። ካርዳችሁንም አትርሱ፣ ጀርባው ባዶ ቢሆን ይመረጣል።