«ሌጀንድ»ን ሰፈራችን እንዴት ሰማው

የቦብ ማርሌይ የተመረጡ ዘፈኖች ስብስብ የሆነው «ሌጀንድ» አልበም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ እሱ ካረፈ ከሦስት ዓመት በኋላ። 14 ዘፈን አለው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ጀበና ቡና የምንጠጣባት ቤት አልበሙ ሲከፈት ማንም «ቀይሩት» አይልም፤ እዚያ ቤት ደግሞ በሙዚቃ የማይጨቃጨቅ ሰው የለም።

ቡና የምታፈላው ልጅ «ኖ ውማን ኖ ክራይ» ሲመጣ ስኒውን አስቀምጣ ድምፁን ከፍ ታደርጋለች። ልክ ናት! እዚህ ላይ የገባው እ.ኤ.አ. በ1975 ለንደን መድረክ ላይ የተቀዳው ነው፣ ኦርጋኑ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ከዚያ ሕዝቡ ከቦብ ቀድሞ አዝማቹን ያነሳዋል፣ እዚህ ቦታ ላይ እኔ ሁሌም ይወረኛል። የስቱዲዮውን ከዚህ በኋላ መስማት ይከብዳል።

ሚኒባስ የሚነዳው ጓደኛዬ ግን ቅር ብሎታል። «ፍቅሩን ሰብስበው ትግሉን ቀነሱት» ይላል። እኔም ከሱ ጋር ነኝ። «ጌት አፕ ስታንድ አፕ» እና «ኤክሶደስ» አሉ፣ ጊታርና ድምፅ ብቻ የሆነው «ሪደምሽን ሶንግ»ም አለ፣ ግን «ዋር» የለችም። ግጥሟ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1963 የተባበሩት መንግሥታት ላይ ካደረጉት ንግግር የተወሰደ ዘፈን እንዴት ይቀራል?

በ1997 ዓ.ም. ለቦብ 60ኛ ልደት መስቀል አደባባይ የነበሩ ጎረቤታችን ጋሼም ይህንኑ ነው የሚሉት።

ቦብን ገና የሚሰማ ሰው ከዚህ ይጀምር። ቅጂው ጥሩ ነው፣ የሚዘለል ዘፈን የለውም። ወዲያው ግን «ራስታማን ቫይብሬሽን» የሚለውን አልበሙን ያስከትል፤ «ዋር» ያለችው እዚያ ነው።